ጣውንቷን ያስነሳች ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ስትኖር አንድ ቀን ያለ ጣውንት አላደረችም። ሌላ ነገር እንዳታስቡ፤ ጣውንቷ አራት ጎማ ያላት፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች፣ ኮፈኗ እንደ ሣጥን ክዳን ከግራም ከቀኝም የሚከፈት አሮጌ መኪና ናት። ባሏ ታክሲ ነጂ ነበር። መኪናዋ በዕድሜ ባልየውን በሦስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ሚስቱም ይህንኑ እያነሳች «እኔን ያገባኝ እሷን አስፈቅዶ ነው» እያለች ጎረቤት ታስቅ ነበር።

ቀልዱ ግን ውሸት ብቻ አልነበረም። ሰውየው እሑድ እሑድ ማለዳ ፊቱን ሳይታጠብ ግቢው ጥግ ወዳለው የቆርቆሮ ዳስ ይሄዳል። ኮፈኑን ይከፍታል፤ ዘይቷን ያያል፤ ውሃዋን ያያል። ከዚያ ማኖቬላውን፣ ያንን ሞተር በእጅ የሚያዞሩበትን ጠማማ ብረት፣ ከፊቷ ይሰካና ቁልፏን ሳይከፍት ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ያዞራታል፤ ዘይቱ አካላቷን ያዳርስ ብሎ ነው። መጨረሻ ላይ «ነይ እስኪ የኔ እመቤት» ይላታል። ሚስቱን በዚህ አፍ ጠርቷት አያውቅም፤ ደፋር! ሚስት ደግሞ መስኮቱ ሥር ካለው የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ሁሉንም ታያለች፣ ሁሉንም ትሰማለች። ከቀሚስና ከሱሪ የተረፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እጁን እንዲጠርግበት በመስኮቱ ትወረውርለታለች። እንዲህ ሆነው ነበር የኖሩት።

ከሁለት ዓመት በፊት ሰውየው ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን ለገሙ። ሐኪሙ «በየቀኑ ካልተራመደ ያለውንም ጉልበት ያጣዋል» ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ማን ይስማ! ሰውየው በከዘራ ከአልጋው እስከ በረንዳው ወንበር ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ የለም። ወንበሩንም ጀርባው ለመኪናዋ ዳስ እንዲሆን አስዞሮታል። «ትንሽ እንንቀሳቀስ» ስትለው «ተይው»። «ጓደኞችህ ሊጠይቁህ መጥተዋል» ስትለው «ተያቸው»። ተሳፋሪ ጨዋታው እንዳይቋረጥበት ብሎ ደርሶም አልወርድም ይለው የነበረ ሰው፣ ከአፉ የሚወጣው ይኸው ብቻ ሆነ።

አንድ ሐሙስ አማቻቸው መጣ። መልካም ልጅ ነው፤ ክፋቱ ችኮላው ብቻ ነው። ልጃቸውን ያገባት በተዋወቃት በአራተኛ ወሩ ነው፤ በሦስተኛው ያላገባት ወሩ የጾም ስለሆነበት ሳይሆን አዳራሽ ስላላገኘ ነው ይባላል። ያቺ የቆመች መኪና አማቱን ሆድ እያስባሰቻቸው መስሎት ብረት ገዢ አነጋግሮ ነበር።

«አባባ፣ ሰውየው የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በጭነት መኪና መጥቶ ይወስዳታል። ግቢውም ይሰፋል፣ እማማም ይተነፍሳሉ» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ሲቆጣ ለመስማት ጆሮዋን አቆመች። እሱ ግን ቀና እንኳ ሳይል «ይውሰዳት» አለ። «እሷም ሠርታ ጨርሳለች፣ እኔም ጨርሻለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ብትሄድ ግድ አልነበራትም፤ ጣውንት ስትሄድ ማን ያለቅሳል! ግን ሰውየው የሚሸኘው መኪናዋን ሳይሆን ራሱን መሆኑ ገባት። ያቺ መኪና በዚያ በር ሬሳ ሆና ከወጣች እሱም ብዙ አይቆይም፤ ይህን ማንም ሳይነግራት አወቀች። ባሏን ማስነሳት አቅቷታል። ሞተሩን ግን ቅዳሜ ሳይደርስ አስነሳዋለሁ ብላ ለራሷ ማለች።

በማግሥቱ ማለዳ መኪናዋ የለበሰችውን ሸራ ገፈፈችና ማኖቬላውን ሰክታ ገፋችው። ንቅንቅ የለም። ደግማ ገፋች። ግድግዳ! የዳሱ ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ እርጥበቱ ገብቶ ፒስተኖቹን ከቤታቸው ጋር አጣብቋቸዋል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እጁን አጣጥፎ ይመለሳል። ለልብስ ሰፊዋ ግን የተጣበቀ ብረት ብርቋ አይደለም። አንድ ጊዜ ጎርፍ ገብቶበት ዝጎ የከረመ የስፌት መኪና አምጥተው «እንዲያው ተመልከቺው፣ ካልሆነ ጣይው» ያሏትን በዘይትና በትዕግሥት አድናዋለች። የተጣበቀ ነገር አይጎተትም፤ ዘይት ይሰጡታል፣ ይጠብቁታል፣ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ይነካኩታል፣ ደግሞ ይጠብቁታል።

ቤንዚኑን የሚለኩሱትን አራቱን ካንዴላዎች ፈታች። ገመዶቻቸው እንዳይሳከሩባት በእያንዳንዳቸው ላይ ክር አሰረች፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ከዚያ ቀጭኑን የስፌት መኪና ዘይት ከነጭ ጋዝ ጋር ደባልቃ፣ አፈ ረጅም በሆነችው ትንሽ የዘይት ጣሳዋ በየቀዳዳው አንድ አንድ ማንኪያ የሚያህል ጨመረች። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ፤ ልክ እንደ ሐኪም ትእዛዝ። በየመሐሉም ማኖቬላውን ይዛ ሳትታገለው ወዲያና ወዲህ ትነካካዋለች።

«ምንድነው እዚያ የምትሠሪው?» አለ ባሏ ከበረንዳው፣ ፊቱን ሳያዞር።

«ቁልፍ እየተከልኩ ነው።»

«ተይው።»

«እሺ፣ እተወዋለሁ» አለችና ቀጠለች።

እሑድ አማቻቸው ወሬውን ሰምቶ ገመድ ይዞ ከች አለ። «እማማ፣ ለምን ይለፋሉ? ማርሽ ውስጥ አስገብተን በእኔ መኪና እንጎትታት። አንድ ጉተታ ነው፤ ወይ ትነሳለች ወይ ይለይላትና እንገላገላለን» ብሎ ጎንበስ አለ። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች መጥታ ከመኪናዋ ፊት ተገተረች።

«እሰራትና ገመድህን ስቆርጠው ታያለህ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የተጣበቀ ብረት በግድ ሲጎተት ይሰበራል እንጂ አይነሳም።»

«እስከ ቅዳሜ እኮ ስድስት ቀን ነው የቀረው!»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እሱ እንቁላል ነው እማማ፤ ይሄ እኮ ሞተር ነው!»

«ይልቅ ባትሪውን ውሰድና አስሞልተህ አምጣልኝ። ለችኩል ሰው መላኪያ አይጠፋም።»

አማቻቸው ባትሪውን ታቅፎ ሄደ። ከበረንዳው አንድ ድምፅ ተሰማ። ሳቅ ነው እንዳይባል ሳቅ አይደለም፣ ሳል ነው እንዳይባል ሳልም አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ዞር ስትል የባሏ ወንበር ለዳሱ ጀርባውን መስጠቱ ቀርቶ ጎኑን ሰጥቷል። ማኖቬላውን መነካካቷን ቀጠለች።

ማክሰኞ ጠዋት ማኖቬላው ተንቀሳቀሰ። የክር ውፍረት ብታህል ነው፤ ግን ተንቀሳቀሰ። ረቡዕ ሩብ ዙር ሄደ። ሐሙስ እልህ ይዟት ስትገፋው ሞተሩ ከሆዱ ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ ሙሉ ዙር ዞረ። ልብስ ሰፊዋ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የሁለት ዓመቱን ነው ያለቀሰችው።

«የካንዴላዎቹን ገመድ ተራ ጽፈሽዋል?» አለ ባሏ ድንገት።

«በክር አስሬዋለሁ። ከራዲያተሩ ሲነሱ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ።»

«በክር!» አለ ሰውየው ለራሱ፤ በድምፁ ውስጥ ግን ንቀት አልነበረም።

ዓርብ ከምሳ በኋላ እሱ ሲያሸልብ ጠብቃ፣ ላስደንቀው ብላ፣ ዘይቱን ቀየረች። የስልሳ አንድ ዓመት ሴት በጀርባዋ ተንጋላ መኪና ሥር ስትገባ ያየ ጎረቤት ቢኖር ለወር የሚበቃ ወሬ ያገኝ ነበር። ከሥር ያለውን ብሎን ስትፈታው ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር እየተጎተተ ወደ ሳፋዋ ወረደ። ከዚያ አዲሱን ዘይት ከላይ ሞላች፤ መለኪያው ብረት ላይ እስከ ምልክቱ ደረሰ። የቆየውን ቤንዚን አስወግዳ ንጹሑን ጨመረች፤ ቤንዚኑን ከአየር የሚደባልቀውን ካርቡራተርም ፈትታ አጠበች። «ዘይቷን ከጠጣች ምን ቀራት?» አለች በልቧ። የስፌት መኪና ዘይት ሲያንጠባጥቡላት ወዲያው ነዋ የምትለሰልሰው! በዚህች ሐሳብ ነው የተሳሳተችው። አርባ ዓመት በስፌት መኪና ላይ ያልዋለ ሰው ደግሞ ይህንን ስሕተት ቢፈልገውም አያገኘውም።

ቅዳሜ ማለዳ ካንዴላዎቹን ጠራርጋ በየቦታቸው መለሰች፤ አማቻቸው ያመጣውንም ባትሪ ቀጠለች። ሞተሩን በባትሪ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከሞተ ቆይቷልና መኪናዋ የምትነሳው በማኖቬላ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ አየር የሚዘጋውን ቾክ ሳበች፣ ቁልፉን ከፈተች፣ ማኖቬላውንም አውራ ጣቷን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አድርጋ ጨበጠችው። ሞተር መልሶ ሲመታ የሚሰብረው አውራ ጣትን መሆኑን ባሏ አንድ እሑድ የራሱን ሰብሮ በጄሶ አስተምሯታል። ወደ ላይ ሳበች፤ ምንም። ደግማ ሳበች፤ መኪናዋ አስነጠሳት። ሦስተኛ ስትስብ ሞተሩ ተነሳ!

ቆርቆሮውም መስኮቱም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ልብስ ሰፊዋ ጨርቄን ማቄን ሳትል ወደ በረንዳው ሮጠች። የባሏን ፊት ለማየት ነው የምትሮጠው፤ ዘጠኝ ቀን የለፋችውም ለዚያ ፊት ነው። ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

«አጥፊያት!» አለ።

«ምን?» አለች።

«አጥፊያት እልሻለሁ! አሁኑኑ!»

የልብስ ሰፊዋ ደም ወደ ራሷ ወጣ። ሁለት ዓመት የዋጠችው ሁሉ ባንዴ ገነፈለ። «አላጠፋም! ተይው፣ ተይው፣ ተይው! ሰለቸኝ! ሬሳ ነው እኮ ያስነሳሁት! አንተ መልሰሽ ግደያት ትለኛለህ? እንኳን አንተ ማንም ቢመጣ አላጠፋም!»

«ዘይት አልወጣላትም! ራሷን እየበላች ነው!»

እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ንቅንቅ አላለችም። ያን ጊዜ ሰውየው ተነሳ። ከዘራውን አልፈለገም። የበረንዳውን ሁለት ደረጃዎች ወረደ፤ ግራ እግሩን እያስቀደመ፣ ቀኙን እየጎተተ ግቢውን አቋረጠ፤ በግራ እጁ የመኪናዋን በር ከፍቶ ቁልፉን አጠፋ። ፀጥ አለ።

ቁጣው ከዚያ ወረደ። «አንቺ ሴትዮ! ያ ታክ ታክ የሚለው የደረቀ ብረት ድምፅ አይሰማሽም? የዘይቱን ጠቋሚ አየሽው? ዜሮ ላይ ነው! ዘይቱን ቀይረሻል እንዴ?»

«ትናንት። ማር የመሰለ ዘይት ነው የሞላሁላት!»

«ፓምፑንስ?»

«የምን ፓምፕ?»

«የምን ፓምፕ ትላለች እንዴ! የአንቺ መኪና ዘይት የምትጠጣው ባንጠባጠብሽበት ቦታ ነው። የዚህችኛዋ ዘይት የሚጠራቀመው ሆዷ ሥር ነው፤ ፓምፑ ስቦ ወደ ላይ ካላወጣው ዘንጉም ፒስተኑም በደረቁ ነው የሚፋተገው። ሁለት ዓመት ቆሞ የደረቀ ፓምፕ ምን ይስባል? አየር! ሁለት ደቂቃ ብትቆይ ልፋትሽ ሁሉ ቀልጦ ነበር!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን የምትመልሰው አይጠፋትም። አሁን ግን አንድ ነገር አየች፤ ሰውየው መኪናዋን ተደግፎ ቆሟል። በእግሩ መጥቶ ነው የቆመው፤ እሱ ግን ልብ አላለውም። ልብ ካለው ይወድቃል ብላ ፈራች። ስለዚህ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አንገቷን ደፍታ «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች።

«የምቀመጥበት ባልዲ አምጪ። ያቺን አፈ ረጅም ጣሳሽንም።»

ባልዲው ተገለበጠ፤ ሰውየው ተቀመጠና በግራ እጁ እያመለከተ ይመራት ጀመር። በሞተሩ ጎን ዝቅ ብሎ ከፓምፑ በላይ ትንሽ ብሎን አለች። ፈታቻት። የጣሳዋን አፍ አስገብታ ዘይቱ ሞልቶ እስኪመለስ ድረስ ፓምፑን አጠጣችው፤ ብሎኗንም መልሳ አጠበቀች። ሞተሩ ሳይነሳ በቀላሉ እንዲዞር ካንዴላዎቹ እንደገና ወጡ። ሰውየው ገብቶ መሪው ኋላ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ጠቋሚው ላይ ተከለ። እሷ ማኖቬላውን ታዞር ጀመር። አሥር ዙር፤ ዜሮ። ሃያ ዙር፤ ዜሮ። ክንዷ ዛለ።

ይሄኔ ከበሩ የጭነት መኪና ጡሩምባ ጮኸ። ብረት ገዢው ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ትከሻ ሰፊ ሰው፣ ሰንሰለቱን ተሸክሞ ገባ። ልብስ ሰፊዋ ማኖቬላውን አጥብቃ ጨበጠች። ባሏ ከአሁን በኋላ «ይውሰዳት» ካለ በምን አፏ ትከራከረዋለች?

«እንደምን አደራችሁ። አባቴ፣ የምትሄደው ይቺ ናት?»

ሰውየው ዓይኑን ከጠቋሚው ሳይነቅል «ሰንሰለቱን አስቀምጠህ ና፤ ጉልበት ያለው ሰው ፈልገናል» አለው።

«እኔ እኮ አባቴ፣ ልወስዳት ነው...»

«መጀመሪያ አዙር። ወሬው ይደርሳል።»

ብረት ገዢው ግራ ገብቶት ልብስ ሰፊዋን አያት። እሷም ማኖቬላውን አቀበለችው። ሳይወድ በግዱ ያዘና ማዞር ጀመረ። ሠላሳ፣ አርባ። ላቡ ይንጠፈጠፍ ገባ። «ብረት ስገዛ ሃያ ዓመቴ ነው» አለ እያለከለከ፣ «የገዛሁት ብረት ሲያሠራኝ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው!» ሃምሳ ላይ ከመኪናዋ ውስጥ ጩኸት ወጣ።

«ወጣ! ዘይቱ ወጣ! አቁም፣ አቁም!»

ካንዴላዎቹ ተመለሱ፤ ገመዶቹ በክራቸው ተራ ተሰኩ። ሰውየው ቾኩን ሳበ፤ ብረት ገዢው አንድ ጊዜ ቢስባት ሞተሩ ተነሳ። አሁን ያ ታክ ታክ የለም፤ ድምፁ ወፍራምና እኩል ነው። ሰውየው ራሱን ዘንበል አድርጎ እየሰማ ቾኩን በዝግታ መለሰው። «እስክትሞቅ አናጣድፋት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

«እንግዲህ እኔ ልሂድ?» አለ ብረት ገዢው ላቡን እየጠረገ።

«እያስነጠሰች የምትቀበር የለችም፣ ልጄ። ክንድህ ይባረክ።»

ብረት ገዢው አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ፤ ሰንሰለቱን አንሥቶ ሄደ።

ሰውየው ቀኝ እግሩን ወደ ቤንዚን መርገጫው ሰደደው። እግሩ ከመንገድ ቀረ። ደግሞ ሞከረ፤ እንቢ አለው። ፊቱ ጠቆረ። «ማን ሊነዳት ነው ታዲያ?» አለ ቀስ ብሎ። ልብስ ሰፊዋ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ በረንዳው ላይ ሁለት ዓመት የሰማችው ድምፅ ነው። እስኪደግመው አልጠበቀችም።

«ፈቀቅ በል» አለችው። «አርባ ዓመት የስፌት መኪና የረገጠ እግር እዚህ አለ።»

«አንቺ? በስልሳ አንድ ዓመትሽ?»

«እሷስ ስንት ዓመቷ ነው?»

ሳቀ። ወንበሩ እስኪነቃነቅ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ፤ እየሳቀም ወደ ጎን ተንሸራተተላት። ልብስ ሰፊዋ መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ከዳሱ እስከ ግቢው በር አሥራ አምስት እርምጃ ነው። በዚያች አሥራ አምስት እርምጃ ውስጥ የበላችው ቁጣ ግን አገር ያቋርጣል። «ግራ እግርሽን ከፍሪሲዮኑ ላይ ቀስ አድርገሽ አንሺ! ቀስ ማለት እንደሱ ነው እንዴ? መሪውን እያየሽ ወዴት ነው የምትሄጂው፣ ፊትሽን እዪ!» መኪናዋ ሁለት ጊዜ እንደ ፍየል ዘለለች፣ ሁለት ጊዜ ልትጠፋ ብላ ተረፈች። ከዚያ ሰውየው ተቁነጠነጠና «ይሄኛው ወንበር እንዲህ ይጎረብጣል እንዴ?» አለ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ነግሬሃለሁ።»

በሩ ጋ ደርሳ ፍሬን ያዘች። ሰውየው በተከፈተው በር ጎዳናውን አየ፤ ሰው ያልፋል፣ ብስክሌት ያልፋል። ረጅም ጊዜ አየ።

«ለዛሬ ይበቃታል» አለ። «ነገ ጠዋት የሰፈሩ ሜዳ ባዶ ነው፤ እዚያ ወስጄ መዞር አስተምርሻለሁ። በማለዳ ቀስቅሺኝ።»

«ነገ» የሚል ቃል ከዚህ ሰው አፍ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ፍሬኑ ላይ እንደተከለች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እንባዋን እንዳያይባት ነው፣ አይቶባታል ግን።

«ስንት ሰዓት?» አለችው።

«አሥራ ሁለት ሰዓት። ዘይቷን አይተን፣ ቀስ ብለን ነው የምንወጣው።»